ማን ያሸክመኝ? የከባድ ቁጭ ብድግ ታሪክ ከኮልፌ ሲታይ



የዛሬው ርእሰ ጉዳይ በታሪክ ትምህርት ዘወትር የሚሰማ አይደለም። ስለ ነገሥታት ወይም ስለ ጦር ሜዳ አልናገርም። የምናገረው አንድ ሰው ከባድ ብረት ተሸክሞ ወደ ታች ስለ መውረዱና ተመልሶ ስለ መቆሙ ነው። በየስፖርት ማዘውተሪያው «ስኳት» የሚባለው ይህ እንቅስቃሴ ብዙ ዓይነት አለው። ዘንጉ ከማጅራት በታች በትከሻ ላይ፣ በደረት ፊት፣ በክርን እጥፋት ወይም ከመቀመጫ ኋላ ሊያዝ ይችላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ዛሬ ለጀማሪ የማይመከሩ፣ ለበረቱ ስፖርተኞች የተተዉ ሆነው ይቆጠራሉ።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ዛሬ «የላቁ» የምንላቸው የቁጭ ብድግ ዓይነቶች በአብዛኛው የተወለዱት ከዕቃ ማጣት ነው። እያንዳንዳቸው ብረቱን በትከሻው ላይ የሚያሳርፍለት ሰውም ሆነ መሣሪያ ያልነበረው ሰው ለራሱ ያገኛቸው መልሶች ናቸው። ጥያቄውም በእኛ ቋንቋ «ማን ያሸክመኝ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ ከኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ሆኜ ማንሳት የመረጥሁት፣ ጥያቄው በዚያ በጂሙም በመንገዱም ገና መልስ ስለሚፈልግ ነው።

ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገራችን አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. በማለት እለያለሁ።

ስለ ቃላቱ

በአማርኛ ለዚህ እንቅስቃሴ ሦስት ስም አለን። «ቁጢጥ» የዕለት ኑሮ ቃል ነው። ሴት ከምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብላ እሳት ታነዳለች፤ ገበሬ ከአጥር ጥግ ቁጢጥ ብሎ ከጎረቤቱ ጋር ያወጋል። «ቁጭ ብድግ» የሰልፍና የቅጣት ቃል ነው። በወታደር ሠፈር ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ አርፍዶ የመጣ ተማሪም ያውቀዋል። «ስኳት» ደግሞ ከዲስኩና ከመስተዋቱ ጋር የመጣ የጂም ቃል ነው። አንዱ እንቅስቃሴ በመጀመሪያው ስሙ ዕረፍት፣ በሁለተኛው ቅጣት፣ በሦስተኛው ክብር ሆነ ማለት ነው።

ሁለተኛው ልብ ልንለው የሚገባ ቃል «ጉልበት» ነው። ጉልበት የእግር መገጣጠሚያ ነው፤ ኃይልም ነው፤ ደግሞም ለደመወዝ የሚሸጥ ሥራ ነው። የጉልበት ሠራተኛ ስንል ሦስቱንም ትርጉም በአንድ እንጠራለን። ቋንቋችን የሰው ኃይል የት እንደሚቀመጥ ወስኖ የጨረሰ ይመስላል።

ሦስተኛው ቃል የዛሬውን ንግግር የሚሸከም ነው። «ተሸከመ» የሚለው ግስ «አሸከመ» የሚል ወንድም አለው። በገበያ ቀን ዕቃዋን አስራ የጨረሰች ሴት መንገደኛውን «አሸክመኝ» ትለዋለች። መሸከም የአንድ ሰው ሥራ ቢሆንም ሸክሙ ከመሬት ተነሥቶ ጀርባ ላይ እስኪያርፍ ድረስ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። ከቶውንም የሸክም አደገኛ ቅጽበት መንገዱ አይደለም፤ አነሣሡ ነው። ይህን ለማወቅ አንዲት ባለ ገበያ የመካኒክስ ትምህርት አላስፈለጋትም።

ከብረት አሸካሚ በፊት

በ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ በአውሮፓ የሚሠራው ቁጭ ብድግ ዛሬ የምናየውን አይመስልም ነበር። ሠሪው ተረከዙን ከመሬት አንሥቶ በእግሩ ጣቶች ላይ ይቆማል፤ ቀላል ክብደት ይይዛል፤ ወገቡን ቀጥ አድርጎ ይወርዳል። ዓላማው ሚዛን መጠበቅና ትንፋሽ ማጎልበት ነበር። ከባድ ብረት የማይጫንበት ምክንያትም ግልጽ ነው። በትከሻ ላይ የሚያርፈው ብረት መጀመሪያ ከመሬት እስከ ትከሻ በክንድ መነሣት ነበረበት። የእግር ኃይል በክንድ ኃይል ልክ ታስሮ ቀረ።

ከዚህ እስር ለመውጣት የተሞከሩት መንገዶች ናቸው እንግዲህ ዛሬ ልዩ ልዩ ስም ያላቸው ዓይነቶች። ዛሬ ታርቱ በምትባለው የኢስቶንያ ከተማ የተወለደውና «የሩሲያ አንበሳ» የሚባለው ታጋይ ጆርጅ ሃከንሽሚት ብረቱን ከኋላው፣ ከመቀመጫው ሥር፣ በእጆቹ ይዞ መውረድና መነሣትን አስተዋወቀ። ይህ አያያዝ ብረቱን ወደ ትከሻ የማውጣትን ጣጣ ጨርሶ ያስቀራል። ዛሬ «ሃክ ስኳት» የሚባለው ከእርሱ ስም ጋር ይያያዛል፤ ቃሉን «ተረከዝ» ከሚል የጀርመንኛ ቃል የሚያወጡትም አሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ1893 በጀርመን የተወለደው ሄንሪ ስታይንቦርን ነው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት በባሕር ላይ አግኝቶት ጦርነቱን በአውስትራሊያ ታስሮ አሳለፈ። በ1921 ወደ አሜሪካ ሲሻገር ከባድ ክብደት ተሸክሞ፣ እግሩን ሙሉ በሙሉ መሬት ላይ አሳርፎ፣ እስከ ታች የሚወርድ ቁጭ ብድግ ይዞ ገባ። የአሜሪካ ክብደት አንሺዎች በጣቶቻቸው ላይ ቆመው ሲሠሩት የነበረውን ልምምድ የለወጠው የእርሱ ምሳሌነት እንደሆነ በስፖርቱ ታሪክ ይታወቃል።

ስታይንቦርን አሸካሚ አልነበረውም። መላው ይህ ነበር። መሬት ላይ የተጋደመውን ዘንግ አንዱን ጫፍ ይዞ ያነሣል፤ ዘንጉ በሌላው ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ከሥሩ ቁጢጥ ይላል፤ ከዚያም ወደ ራሱ አዘንብሎ በትከሻውና በጀርባው ላይ ያጋድመዋል። ዘንጉ ሲተኛ ሰውየው ታች ነው። ሚዛኑን አስተካክሎ ይነሣል፤ ሲጨርስም በዚያው መንገድ ይመልሰዋል። ብረቱ ራሱ አሸካሚ ሆነ። ይህ ዛሬ በስሙ የሚጠራው አነሣሥ ከቁጭ ብድግ ዓይነቶች ሁሉ ከባድ ከሚባሉት አንዱ ነው። ዘንጉ በሚያዘነብልበት ቅጽበት ክብደቱ ሁሉ በአንድ ጎን ስለሚያርፍ አከርካሪው ሸክም ላይ እያለ ይጠመዘዛል።

በ1930ዎቹ በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ከተማ ኤድ ዘርቸር የተባለ ክብደት አንሺ ሌላ መልስ ሰጠ። ዘንጉን ከመሬት እስከ ጉልበቱ በላይ ያነሣል፤ ከዚያ ቁጢጥ ብሎ በጭኖቹ ላይ ያሳርፈዋል፤ እጆቹን ከሥር አስገብቶ በክርኑ እጥፋት ያቅፈዋል፤ ከዚያም ይነሣል። አሸካሚው የራሱ ጭን ነው። ሕፃን ወይም የእንጨት እስር በክንዱ አቅፎ ከመሬት የተነሣ ሰው ሁሉ የዚህን አነሣሥ መሠረት ያውቀዋል።

አራተኛው መልስ ከውድድር የመጣ ነው። በኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት ዘንጉ ከመሬት ተስቦ በአንድ ትንፋሽ በትከሻ ፊት ያርፋል። ሰውየው ዘንጉን ለመቀበል በሥሩ ቁጢጥ ብሎ ይወርዳልና፣ መነሣቱ ራሱ ቁጭ ብድግ ነው። ዘንጉን በፊት ይዞ የሚሠራው ዓይነት ከዚህ ተወለደ።

ሥራው በአካል ላይ ምን ያደርጋል ብላችሁ ብትጠይቁ ነገሩ ቀላል ነው። ሰው ተሸክሞ ሲወርድ የእርሱና የብረቱ የስበት ማዕከል ከእግሩ መሐል በላይ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ ይወድቃል። ብረቱ ከኋላ ሲሆን ሚዛኑን ለመጠበቅ ደረት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ዳሌና ወገብ ብዙውን ድርሻ ይወስዳሉ። ብረቱ ከፊት ሲሆን ደረት ቀጥ ብሎ ይቀራል፤ ጉልበት ወደ ፊት ይሄዳል፤ የጭን ጡንቻ ይበልጥ ይሠራል። በክርን እጥፋት ሲያዝ ደግሞ ብረቱ ጀርባን ወደ ፊት ስለሚጎትት የላይኛው ጀርባና ሆድ እንዳይጎብጡ ይታገላሉ። ሊነሣ የሚችለው ክብደትም ከኋላው ዓይነት ያነሰ ይሆናል።

ሜልቦርን፣ 1949 ዓ.ም.

በኅዳር ወር 1949 ዓ.ም.፣ ማለትም በ1956 መጨረሻ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ተሳተፈች። ወደ ሜልቦርን የሄዱት 12 ስፖርተኞች የተወዳደሩት በአትሌቲክስና በብስክሌት ነበር። ከእነርሱ መካከል ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ ያመጣው ማሞ ወልዴ ይገኝበታል።

በዚያው ከተማና በእነዚያው ቀናት በከባድ ሚዛን ክብደት ማንሳት ፖል አንደርሰን የተባለ አሜሪካዊ ወርቅ አገኘ። እርሱና አርጀንቲናዊው ኡምቤርቶ ሰልቬቲ በሦስቱ አነሣሦች ድምር እኩል 500 ኪሎ አነሡ፤ አንደርሰን ያሸነፈው በሰውነት ክብደቱ ቀለል ስላለ ብቻ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት በሞስኮ ባሳየው ትርኢት የሶቪየት ተመልካቾች የተፈጥሮ ተአምር ብለውት ነበር።

እኔን የሚስበኝ ሜዳልያው አይደለም፤ ጓሮው ነው። አንደርሰን በጆርጅያ ግዛት ቶኮዋ በምትባል ትንሽ ከተማ ያደገ ሲሆን ያጠነከረው ቁጭ ብድግ ነበር። ክብደቶቹን ሲሚንቶ ከተሞላ በርሜልና ከተገኘው የብረት ጎማ ይሠራ ነበር። ሊነሣ ከሚችለው በላይ የሆነ ሸክም ሲሆንበት መሬት ቆፈረ። ብረቱን ከጉድጓዱ አፍ ላይ አሳርፎ እርሱ ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ከጉድጓዱ ጥልቀት የተነሣ ብረቱ ትከሻው አጠገብ ይሆናል፤ ጥቂት ብቻ ጎንበስ ብሎ ያነሣዋል። ከዚያ በየጊዜው አፈር እየመለሰ ጉድጓዱን ያሳንሳል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ከዝቅተኛ ቦታ መነሣት ግድ ይሆንበታል። መሬት አሸካሚው ሆነች፤ አካፋው የሥልጠና ዕቅዱ ሆነ።

ቁጭ ብድግ ራሱን የቻለ የውድድር ዓይነት ሆኖ በዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን የታቀፈው በ1972 ሲሆን፣ ዘንጉን በሁለት ቋሚ ብረቶች ላይ የሚያሳርፈው ራክም በየጂሙ ተስፋፋ። ራክ ማለት የብረት አሸካሚ ነው። ከእርሱ ወዲህ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። ከራክ ላይ ወስዶ በጀርባ መሥራት የጀማሪ ሥራ ሆነ፤ ያለ ራክ የተፈጠሩት የጥንቶቹ ዘዴዎች «የላቁ» ተባሉ። የዘርቸርን አነሣሥ እንኳ ዛሬ ብዙዎች የሚሠሩት በወገብ ልክ ከተተከለ ራክ ላይ ወስደው ነው።

ኮልፌ፣ 1954 ዓ.ም.

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በ1962 አጋማሽ አንድ የ43 ዓመት ደቡብ አፍሪካዊ ጠበቃ በከተማዋ ምዕራባዊ ዳርቻ በሚገኘው የኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ሠፈር ለወታደራዊ ሥልጠና ገባ። ኔልሰን ማንዴላ ነበር። ሠፈሩን የሚመሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ነበሩ። ሥልጠናው ለስድስት ወር ታስቦ ነበር፤ ድርጅቱ ወደ አገሩ ስለጠራው ግን ቀድሞ ተቋረጠ፤ በነሐሴ መጀመሪያም በአገሩ ተያዘ።

ማንዴላ ወደ ኮልፌ የመጣው ባዶ አካል ይዞ አይደለም። በሶዌቶ ኦርላንዶ በሚባለው ሠፈር በከባድ ሚዛን የሚለማመድ ቦክሰኛ ነበር፤ ክብደት ማንሳትም የልምምዱ አካል ነበር። በኮልፌ የጠበቀው ሌላ ዓይነት ክብደት ነው። በሕይወት ታሪኩ እንደሚተርከው ከተኩስና ከፈንጂ ትምህርት ሌላ፣ ጠመንጃ፣ ጥይትና ውኃ ብቻ ተሸክሞ ሩቅ ቦታ በተወሰነ ሰዓት መድረስ ግድ የሚልበት አድካሚ ጉዞ ነበር። በኮልፌ አቀበት ብረት የሚሸከመው እግር እንጂ መስተዋት ፊት የቆመ ደረት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለዛሬው ርእሳችን ይበልጥ ይጠቅማል። በሮቢን ደሴት እስር ቤት ማንዴላ ከሰኞ እስከ ሐሙስ በጠባብ ክፍሉ ውስጥ የሚሠራውን ልምምድ በቁጥር ጽፎልናል። በቆመበት ቦታ እስከ 45 ደቂቃ ይሮጣል፤ በጣቶቹ ጫፍ 100 ጊዜ ክንዱን ያጥፋል፤ ሆዱን 200 ጊዜ ይሠራል፤ እስከ ታች የሚወርድ ቁጭ ብድግ ደግሞ 50 ጊዜ። ዘንግ የለም፤ ራክ የለም፤ ክፍሉ ከሰውነቱ ብዙ አይሰፋም። ከሁሉ የቀረለት ልምምድ አሸካሚ የማይፈልገው ነበር። በትምህርት ቤቶቻችን የቅጣት መሣሪያ የነበረው ቁጭ ብድግ በቅጣት ቤት ውስጥ ቅጣትን የመቋቋሚያ መሣሪያ ሆነ።

ስለ ጉልበት ፍርሃት

በዚሁ ዘመን፣ በ1961፣ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ካርል ክላይን እስከ ታች የሚወርድ ቁጭ ብድግ የጉልበትን ጅማት ያላላል የሚል ጥናት አወጣ። በአሜሪካ ብዙ የስፖርት መምህራን ጥልቁን ቁጭ ብድግ ከልምምዳቸው አወጡ፤ ፍርሃቱም ዓለምን ዞረ። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ውጤቱን አላጸኑትም። በ1989 የታተመ አንድ ጥናት ለስምንት ሳምንት የሠለጠኑ ሰዎችን ጉልበት ለክቶ የጅማት መላላት አላገኘም።

ምድጃ ሥር ቁጢጥ ስትል የኖረች ሴት በዚህ ክርክር ብትጠየቅ ትደነቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። የሰው ጉልበት እስከ መጨረሻው እንዲታጠፍ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ወንበር የለመደ ሕዝብ ያንን ሊረሳ ይችላል። ይሁን እንጂ ያለ ሸክም ቁጢጥ ማለትና መቶ ኪሎ ይዞ መውረድ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የመገጣጠሚያውን ስፋት ያቆያል፤ ሁለተኛው ቀስ በቀስ የሚገነባ ኃይል ይፈልጋል። ከልጅነቱ ቁጢጥ ማለትን የለመደ የኮልፌ ወጣት ወደ ታች ለመውረድ የተዘጋጀ ነው፤ ለሸክሙ ግን ገና ሊዘጋጅ ይገባል።

አጠና ተራና እህል በረንዳ

በኮልፌ አጠና ተራ የሚባል ቦታ አለ። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ አዲስ አበባን የከበበው የባሕር ዛፍ እንጨት እየተቆረጠ፣ ለቤት ማገርና ለግንባታ መወጣጫ የሚሸጥበት ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጥቂት እንደሄድን መርካቶ እንገባለን፤ በመርካቶም የእህል ገበያ የሆነውን እህል በረንዳን እናገኛለን። በሁለቱም ቦታ ሰው የሚኖረው በትከሻው ነው።

በእህል በረንዳ የሸክም መለኪያ ኩንታል ነው፤ አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። ሁለት ሰዎች ጆንያውን ከፍ ያደርጉታል፤ ሦስተኛው ጎንበስ ብሎ ይቀበለዋል። አሸካሚ እዚህ ስም ያለው የሥራ ድርሻ ነው። በጂም ውስጥ 100 ኪሎ ተሸክሞ አምስት ጊዜ ቁጭ ብድግ የሚል ወጣት ይጨበጨብለታል፤ ከዚያም ሦስት ደቂቃ ያርፋል፤ ወለሉ ደረቅና ደልዳላ ነው። ወዛደሩ ግን ያንኑ ክብደት በዝናብ፣ በጭቃና በመሰላል ላይ ቀኑን ሙሉ ያመላልሳል፤ ክፍያውም በጆንያ ቁጥር ነው።

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 ባወጣው 128ኛ የውሳኔ ሐሳብ፣ አንድ አዋቂ ወንድ ሠራተኛ በእጅና በትከሻ የሚያጓጉዘው ክብደት ከ55 ኪሎ የሚበልጥ ከሆነ በተቻለ ፍጥነት ወደዚያ ልክ እንዲወርድ ይመክራል። ኩንታሉ ከዚህ ልክ እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ ስለ ቁጭ ብድግ ታሪክ ስንነጋገር የሁለት ዓይነት ሰዎችን ታሪክ እየተነጋገርን ነው። አንዱ ገንዘብ ከፍሎ ይሸከማል፤ ሌላው ገንዘብ ሊያገኝ ይሸከማል። ጀርባን እንዴት ቀጥ ማድረግ፣ ትንፋሽን መቼ መያዝ፣ ክብደትን በየሳምንቱ እንዴት መጨመር እንደሚገባ የሚያስተምረው ዕውቀት ያለው በመጀመሪያው ቤት ነው። ያለ አሸካሚ አለማንሳት የሚለው ጥበብ ደግሞ በሁለተኛው ቤት ይገኛል። ሁለቱ ቤቶች በኮልፌ ጎረቤቶች ናቸው፤ ዕውቀታቸው ግን አልተገናኘም።

የዛሬው ጓሮ

በኮልፌ፣ በአየር ጤና፣ በቤቴልና በወይራ ሠፈር መንገዶች ስመላለስ በየግቢው የማየው ብረት የአንደርሰንን ጓሮ ያስታውሰኛል። የቀለም ቆርቆሮ ሲሚንቶ ይሞላና የብረት ቱቦ መሐል ለመሐሉ ይተከላል፤ ሲደርቅ ባርቤል ሆነ ማለት ነው። ሻል ያለው ከሶማሌ ተራ ያረጀ የመኪና ማርሽ ይገዛል፤ ወይም ምናለሽ ተራ ሄዶ ለብየዳ ሠራተኛ ልኩን ይነግራል። ብረቱ ይገኛል። የሚጎድለው አሸካሚው ነው።

ራክ በሌለበት ግቢ ወጣቶቹ የሚያደርጉት ስታይንቦርንና ዘርቸር ያደረጉትን ነው። ስማቸውን ባይሰሙም መላው ያው ነው። አንዱ ዘንጉን ከመሬት ጎትቶ በራሱ ላይ አሳልፎ ማጅራቱ ላይ ያወርደዋል፤ ሌላው በአንድ ጫፉ አቁሞ ያዘነብለዋል። ችግሩ ስታይንቦርን ይህን የሠራው ለዓመታት ከለመደ በኋላ ሲሆን፣ የኛ ወጣት ግን በመጀመሪያው ወሩ መሥራቱ ነው። የላቀው ዘዴ የጀማሪው ዘዴ ሆኗል፤ ቆርቆሮዎቹም እኩል ስለማይመዝኑ ዘንጉ ገና ሳይነሣ ያዘነበለ ነው።

ታሪኩን ያወቀ ሰው እዚህ ላይ የተሻለ ምርጫ ሊጠቁም ይችላል። አሸካሚ ለሌለው ሰው ከጥንቶቹ ዘዴዎች ሁሉ የዘርቸር አያያዝ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴም ድካም ሲመጣ ምን ይሆናል የሚለው ነው። ማጅራት ላይ ያለ ዘንግ ሰውየው መነሣት ሲያቅተው በላዩ ይጫነዋል። በክርን ያለው ዘንግ ግን ወደ ጭን፣ ከጭንም ወደ መሬት ይወርዳል። አሠራሩም እንዲህ ነው። ዘንጉ ክርንን እንዳይጎዳ ፎጣ ይጠቀለልበታል፤ እግር በትከሻ ስፋት ወይም ትንሽ ሰፋ ብሎ ይቆማል፤ ጡጫ ወደ አገጭ ይመለሳል፤ ዘንጉ ወደ ሆድ ተጠግቶ ይታቀፋል። ትንፋሽ በሆድ ተይዞ፣ ተረከዝ ከመሬት ሳይነሣ፣ ክርኖቹ በጉልበቶቹ መካከል ወይም በላይ እስኪደርሱ ይወረዳል። ጀርባ መጉበጥ ሲጀምር ክብደቱ በዝቷል ማለት ነው፤ በዚያ ቀን ይቀነሳል እንጂ አይጨመርም። መጀመሪያ ባዶ ዘንግ፣ ከዚያ በየጥቂቱ መጨመር ይበቃል።

ከዚህም የሚቀድም ምክር ግን አለኝ፤ እርሱም ከራሳችን የእንጨት ጥበብ የሚወጣ ነው። ራክ ማለት በቀላል አማርኛ ሁለት ባላ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ተረታችን። ጥልቅ ሆነው የተተከሉ፣ በአግድም እንጨት የተያያዙ፣ በወገብና በትከሻ ልክ የተዘጋጁ ጠንካራ ባላዎች ስታይንቦርን በመላው የፈታውን ጥያቄ ያለ አደጋ ይፈቱታል። እንጨቱ በአጠና ተራ አለ፤ አተካከሉንም ቤት የሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅርንጫፉ ከባድ ብረት የሚችል መሆኑ ግን ሰው ከሥሩ ሳይገባ በፊት መፈተን አለበት።

ማጠቃለያ

ክቡራንና ክቡራት፤ የስፖርት ታሪካችን ሲጻፍ ሩጫው ብዙ ገጽ ይይዛል፤ የሚገባውም ነው። ነገር ግን የዚህች ከተማ እግር ሮጦ ብቻ አልኖረም፤ ተሸክሞም ነው የኖረው። የሸክሙ ታሪክ ከሃከንሽሚትና ከአንደርሰን ጋር ሲነበብ የምናገኘው ሐሳብ ግልጽ ነው። በዓለም ላይ ማንም ጠንካራ ሰው አሸካሚውን ሳይፈልግ አልጠነከረም። አንዱ ጭኑን፣ አንዱ ጉድጓድን፣ አንዱ የዘንጉን ጫፍ ተጠቀመ፤ ቀሪው የሰው እጅ ነበረው።

በዚህ አዳራሽ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች እንዳላችሁ አያለሁ። ጥያቄዬ ለእናንተ ነው። የምትማሩት አካልን የማዳን ዕውቀት ከጂሙ በር ወጥቶ እህል በረንዳ እንዲደርስ፣ ኩንታሉም ወደ 55 ኪሎ እንዲወርድ የሚከራከር ማን ነው? ወዛደሩን ጎንበስ ብሎ ስለ መቀበል የምታስተምሩት ብዙ ላይኖር ይችላል፤ ስለ ጆንያው ክብደት፣ ስለ ዕረፍቱና ስለ መሰላሉ ግን ብዙ ልትናገሩለት ትችላላችሁ። እርሱ ደግሞ በጓሮ ብቻውን ዘንግ የሚያዘነብለውን ታናሽ ወንድማችሁን አንድ ነገር ሊያስተምረው ይችላል፦ ከመሸከም በፊት «አሸክሙኝ» ማለት ነውር አይደለም።